ጥሩዬ የመረጠችው ፍሪሲዮን

ጥሩዬ ለማ ስትናደድ አትጮኽም። ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ቃላቷም ያጥራሉ። ጂንካ ውስጥ የሚያውቋት ሰዎች ጥሩዬ ቀስ ብላ መናገር ስትጀምር ነገር እንዳለ ይገባቸዋል። በ2011 ዓ.ም. ሁዳዴ ወቅት እንደዚያ ቀስ ብላ የተናገረችው ግን ለማያውቃት ሰው አልነበረም። አባቷን ለቀበሩት ለጋሽ ጸጋዬ ነበር፤ ቀጥሎም ለገዛ ባሏ።

አባቷ አቶ ለማ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነበሩ። ከመንዝ ከመጡ ሰዎች ወገን ቢሆኑም ተወልደው ያደጉት ጂንካ ነው። ለጥሩዬ መሪ ያስጨበጧት ገና እግሯ ፔዳል ሳይደርስ ነው። አስፋልት ባልነበረበት ዘመን በቀይ አፈር ጭቃና በቱርሚ አሸዋ ላይ መኪና እንዴት እንደሚያዝ አስተምረዋታል። እሳቸው ካረፉ በኋላ አንድ አሮጌ ናፍጣ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ገዛችና ኦሞራቴ እየተመላለሰች ዓሣ መነገድ ጀመረች። ዳሰነች አጥማጆች ከወንዙ ያወጡትን ከበረዶ ጋር በሣጥን አሽጋ ታመጣለች። ሁዳዴ ሲገባ፣ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የጂንካ ሆቴሎች በስልክ ፋታ አይሰጧትም። ባሏ ምንተስኖት የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ጥሩ ሰው ነው፣ መኪና ግን አይነዳም።

የኦሞራቴ ፀሐይ ለበረዶ አይራራም። ዳገት ላይ መኪናው በተንፏቀቀ ቁጥር ሣጥኖቹ ማንጠባጠብ ይጀምራሉ። ስለዚህ ጥሩዬ ሐዋሳ ወርዳ አንድ የናፍጣ ሞተር ባለሙያ ዘንድ ለሞተሩ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጠመችለት፣ ነዳጅ በብዛት እንዲሰጥም ፖምፓውን አስከፈተች። ሲመለስ ሌላ መኪና ሆነ። ዳገቱን የሚወጣው ሜዳ ላይ እንዳለ ነበር።

የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ግን ለዚያ ጉልበት የተሠራ አልነበረም። ትንሽ እንደቆየ መንሸራተት ጀመረ። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን ጉልበቱን አያገኝም፤ የሚቃጠል ነገር ሽታ ጋቢናውን ይሞላዋል። መኪናውን የአባቷ ወዳጅ የጋሽ ጸጋዬ ጋራዥ ወሰደችው።

«ከፋብሪካው ይዞት የመጣውን ዓይነት ብናስገባለት ይሻላል» አሉ ጋሽ ጸጋዬ።

«ፋብሪካው ይህን ቱርቦ አያውቀውም፣ ጋሼ። እኔ የምፈልገው ስፕሪንጉ ጠንካራ የሆነውን፣ ዲስኩን ጨምድዶ የሚይዘውን ነው።»

«ፔዳሉ ይከብድሻል።»

«ይክበደኝ።»

«ልጄ፣ ወገብሽን ይጨርሰዋል። ገና ትወልጃለሽ።»

ጥሩዬ ይህችን ነገር ዋጠቻት። «የምነዳው እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ጠንካራው ይግባ።»

«እሺ» አሉ። ጆሮዋ በደንብ ሰምቷል። በኋላ ስታስታውሳት የምታንገበግባት ያቺው እሺ ነበረች።

ዕቃው በአውቶቡስ መጣ፣ ተገጠመ። ጥሩዬ ከጋራዡ ልትወጣ ስትረግጠው ፔዳሉ ለሰለሰባት።

«ጋሼ፣ ጠንካራው ይኸው ነው?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ንጂ፤ እኔ አለሁ አይደለም?»

አመነቻቸው። የአባቷን አስከሬን የተሸከመ ሰው ይዋሸኛል ብላ እንዴት ታስብ?

መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ከኦሞራቴ ሙሉ ጭነት ይዛ በአርቦሬ በኩል ወደ ወይጦ መጣች፤ ወይጦ ላይ ለአንድ ሆቴል የምታወርደው ነበራት። ጋቢና ከጎኗ የተቀመጠችው እትዬ አስካለ ናት፤ ጂንካ ገበያ ዓሣውን የምትቸረችርላት ደንበኛዋ። ከወይጦ ተነስተው ወደ ቀይ አፈር የሚወስደውን ዳገት ሲያጋምሱ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ዛለ፣ ጭስ ከሥር ወጣ። ከዚያ ቆመ። ማርሽ ብትቀይር፣ ነዳጅ ብትሰጥ አንድ ስንዝር አልነቃነቅ አለ። መንገዱ ጠባብ፣ ከላይ ኩርባ፣ ከታች ኩርባ፤ የጭነት መኪኖች ደግሞ ከሁለቱም በኩል ይመጣሉ።

«እትዬ፣ ውረጂና ከኋላ ሁኚልኝ። የሚመጣውን አስቁሚ፤ ወደ ኋላ ላወርደው ነው።»

አስካለ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ እያውለበለበች ከመኪናው ኋላ ቀድማ ወረደች። ጥሩዬ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ ፍሬኑን ለቀቅ ያዝ እያደረገች፣ ያን ሁሉ ጭነት ወደ ኋላ አወረደችው። አንድ ኩርባ ላይ ከታች የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር ቆመና አንገቱን አውጥቶ አስካለን «ሹፌሩ የት ሄዶ ነው?» አላት።

«መሪውን የያዘችው ምን መስላህ ነው?» አለችው አስካለ።

ወይጦ ሲደርሱ ጥሩዬ መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቆመችው። የሚጎትታቸው መኪና የተገኘው በማግስቱ ነው። እስከዚያ በረዶው ቀለጠ። የወይጦዎቹ ሆቴሎች ትንሽ ወሰዱ፤ በረዶ ያለው ሱቅ ግን አልተገኘም። በዚያ ያለፉት ከብት አርቢዎች ዓሣ የሚቀምሱ ስላልሆኑ አፍንጫቸውን ይዘው ከሩቅ አይተው ሄዱ፤ እንኳን ልትሸጥላቸው በነጻም የሚወስድላት የለም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሴቶች አካፋ ተውሰው ዓሣውን ከመንገዱ ራቅ ብለው ቀበሩት። አጥማጆቹ ወንዝ ገብተው ያወጡትን ዓሣ እንደ ቆሻሻ አፈር ስታለብሰው ጥሩዬ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከሐዘኑ ይልቅ እልሁ ነበር።

ጂንካ ሲገቡ መኪናውን በቀጥታ ጋሽ ጸጋዬ ጋራዥ አስጎተተችው። «እኔ ቆሜ ሳይ ይፈታ» አለች። ማርሹን የያዘው ካምቢዮ ወረደ፣ ዲስኩ ወጣ። ጥቁር ብሎ ተቃጥሏል። ጥሩዬ ወደ ጋራዡ ጥግ ሄደች፤ ባለፈው የወለቀው አሮጌው ፍሪሲዮን እዚያው ብረታ ብረቱ መሐል ተጥሏል። አምጥታ ከአዲሱ ጎን አስቀመጠችው። ቁርጥ መንታ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ጠንካራው የቱ ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ጋሽ ጸጋዬ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ከጸዳ በኋላም መጥረጋቸውን አልተዉም። «ለአንቺው ብዬ ነው፣ ልጄ። ያኛው የወንድ ጉልበት ይፈልጋል። ደግሞ ብቻዬን አልወሰንኩም፤ ምንተስኖትን ጠይቄዋለሁ።»

ጥሩዬ ሁለቱን ፍሪሲዮኖች እዚያው ትታ ወጣች። ቤት ስትደርስ ምንተስኖት የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር።

«ጋሽ ጸጋዬ ስለ ፍሪሲዮኑ ጠይቀውህ ነበር?»

«አዎ፣ ደውለው ነበር።» ፊቷን ሲያይ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የሚሻለውን እርስዎ ያውቃሉ አልኳቸው። ላንቺ ያሰቡ መስሎኝ…»

«ምንቴ፣ ፍሪሲዮን በየትኛው እግር እንደሚረገጥ ታውቃለህ?»

ምንተስኖት ወደ እግሮቿ አየ።

«አታውቅም። አንተ ስለምታስተምረው ክፍል እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ? ‹እሷን ጠይቋት› ማለት ምን ይከብድ ነበር? ዳገቱ ላይ ገደል ብንገባ ኖሮ አስካለን ለቤተሰቦቿ ማን ነበር የሚመልስላቸው፣ አንተ ወይስ እሳቸው?»

ምንተስኖት ሰበብ አልፈለገም፤ ይህን ጥሩዬ በኋላ ቆጥራለታለች።

በሳምንቱ ሐዋሳ ሄደች። የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ ገና ሳትጨርስ «ባለቤትሽ የትኛውን ነው ያለው?» ሲላት፣ «ባለቤቱ እኔ ነኝ። ያለህን ሁሉ አውጣ» አለችው። ሦስት ዓይነት ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንደኛው የተቃጠለው ዓይነት ነው። ሌላው ዲስኩ ላይ እንደ መዳብ ያለ ብረት የተለጠፈበት ነው። ጉልበት አይፈራም፣ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚነክሰው፤ ከተማ ውስጥ በባጃጅ መሐል ቁም ሂድ ሲባል እየዘለለ ካምቢዮውን ይጎዳል። ሦስተኛው ዲስኩ እንደማንኛውም ሆኖ፣ የሚጫነው ብረት ስፕሪንግ ግን ወፍራም ነው። ሁሉንም በእጇ መዘነች፣ አገላበጠች፣ ሰውዬውን አስለፈለፈችው። ሦስተኛውን ወሰደች።

የገጠመላት ዳርጌ ነው፤ ከአሪ ወገን የሆነ፣ የራሱን ጋራዥ በቅርቡ የከፈተ መካኒክ። «ፔዳሉ ይከብዳል፣ ታውቂያለሽ?» አላት። «አውቃለሁ» አለች። «ጥሩ» ብሎ ከመኪናው ሥር ገባ። ጥሩዬ ከጋሽ ጸጋዬ የፈለገችው ከዚህ የበለጠ አልነበረም።

በእርግጥም ከበደ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገበያው አካባቢ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ግራ ጉልበቷ ይነዝራት ነበር፤ ማታ በቅባት ታሸዋለች። ጋሽ ጸጋዬ በዚህኛው አልዋሿትም። ይህ ግን ንዴቷን አላበረደውም፣ ጭራሽ አባሰው። እውነቱን ያውቁ ከነበረ ነግረዋት ለምን አልተዉላትም? ጉልበቱ የእሷ አይደለም ወይ? የወይጦን ዳገት ግን ሙሉ ጭነት ይዛ ሞተሩ ሳይጮኽ፣ ሳይሸት ወጣችው። አስካለ ከጎኗ ሆና «ተመስገን» አለች።

ፋሲካ ዋለና ጋሽ ጸጋዬ እንኳን አደረሳችሁ ሊሉ ቤታቸው መጡ። ጠጅ ቀረበላቸው። ጨዋታው ትንሽ እንደሄደ ወደ ምንተስኖት ዞር ብለው «መምህር፣ በዚያ በመኪናው ነገር እንዳታዝንብኝ» አሉት።

ጥሩዬ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ምንተስኖት ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔን ምን አድርገውኝ ጋሼ? መኪናው የእሷ፣ ዓሣው የእሷ።»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «አየሽ ልጄ፣ እኔ ለአንቺ አስቤ…»

«ማሰብዎን አልተጠራጠርኩም፣ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «የጠየቅኩዎት ግን እንዲያስቡልኝ አልነበረም።»

ጋሽ ጸጋዬ ይቅርታ የሚለውን ቃል ያን ቀን አላወጡትም፤ ከዚያም ወዲህ አላወጡትም። ጥሩዬ ሲወጡ የአባቷ ወዳጅ ናቸውና እስከ በር ሸኘቻቸው። መንገድ ላይ ስታገኛቸው ዝቅ ብላ ሰላም ትላቸዋለች፣ ስለ ጤናቸው ትጠይቃለች። አንዳንድ ሰው ልጅቷ ቂመኛ ናት ይላል፤ ወሬው ጆሮዋ ደርሷል። መኪናዋን ግን እስከ ዛሬ ወደ እሳቸው ጋራዥ አልመለሰችም።