ከሽቦው ወዲያ የወደቀው አጋዘን

ደክሞኝ ነበር፤ አስቀድሜ እሱን ልናገር። ላቨርተን ኖርዝ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ስነዳ ኖሬ ቀኝ ትከሻዬ ተበላሽቷል። ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ ኦፕራሲዮን ቡክ አድርጎልኝ፣ ከዚያ ወዲያ ቀስት መሳብ የሚባል ነገር እርሳው ብሎኛል። እኔ ደግሞ በሁዳዴ፣ በባዶ ሆዴ፣ አጋዘን አድናለሁ ብዬ ተነሳሁ። እኔን ብሎ አዳኝ!

ነገሩን ያመጣው አብሮኝ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ፈረንጅ ሽማግሌ ነው። አደን እንሂድ ሲለኝ፣ በወጣትነቴ በግድ ጠመንጃ አሸክመውኛል፣ ደግሜ አልነካም አልኩት። እሱ ቀስት ይዞ መጣ። ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ክለብ እየወሰደ አለማመደኝ።

ከመለማመዱ ይልቅ ፍዳዬን ያሳየኝ የምንኖርባት የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የአደን ሕግ ነው። ላይሰንስ አውጣ፤ የቀስቱ ጉልበት ከተወሰነው አይነስ፤ ከመሸ አታድን፤ ይኸኛው ጫካ ይፈቀዳል፣ አጠገቡ ያለው አይፈቀድም፤ የሰው መሬት ላይ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እግርህን እንዳታሳርፍ። ከሺፍት ተመልሼ፣ ትሩጋኒና ያለው ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አነባለሁ። ዓይኔ ይከደናል፤ ነቅቼ ያንኑ ገጽ እንደገና እጀምራለሁ።

የባለቤቴ ሕግ ግን አንድ ብቻ ነበር። ነፍሱ ሳትወጣ ደርሰህ በስመ አብ ብለህ ካላረድከው ቤቴ አይገባም፣ ለፋሲካ በክት አላቀርብም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኔም አልበላውም። ግን በጣም አማረኝ። ስንት ዓመት የሰው ዕቃ ሳነሳ ሳወርድ ኖሬ፣ አንድ ቀን እንኳ በገዛ እጄ ያመጣሁትን ሥጋ ለቤተሰቤ ልቆርስ ፈለግሁ። ዘንድሮ ካልሆነ መቼም አይሆንም። ካራዬን ስዬ ወገቤ ላይ ታጠቅሁ።

ከሰሙነ ሕማማት በፊት ባለችው ዓርብ ከሽማግሌው ጋር ሄድን። እስከ ከሰዓት ምንም አላየንም። አፌ ደርቋል፤ ሽማግሌው ፆሜን አለመፍታቴን እያየ ራሱን ይነቀንቃል። ልንመለስ ስንል አንድ አጋዘን ከዛፎቹ መሃል ወጥቶ ቆመ። ቀስቱን ሳብኩ፤ ትከሻዬ እሳት ሆነ። ለቀቅሁት። ፍላጻው ጎኑ ላይ ገባ፤ እንስሳው ትንሽ ሮጦ ዛፍ ሥር ተኛ።

ሽማግሌው ጃኬቴን ይዞ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ አለኝ። ካልነካኸው እዚያው ተኝቶ በሰላም ይሞታል፣ ከተከተልከው ግን ተነስቶ ይሮጣል። ይህን ዓመቱን ሙሉ ሲነግረኝ ነበር፤ እኔም እሺ ስል ነበር። ያን ሰዓት ግን እኔ የፈራሁት እዚያው ተኝቶ መሞቱን ነው። እጁን አስለቅቄ ካራዬን መዝዤ ሮጥኩ።

አጋዘኑ አየኝና ተነሳ። እየተንገዳገደ ሮጠ፣ የሽቦ አጥር ዘለለ፣ ከወዲያ ሣሩ ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ደርሶ ስልኩ ላይ ካርታውን አየ። እኛ የቆምንበት የመንግሥት ጫካ ነው፤ ወዲያ ማዶ የሰው እርሻ። በንዴት አትሻገር ብሎኝ የእርሻውን ባለቤት ፈቃድ ሊጠይቅ በመኪና ሄደ።

አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ። እንስሳው ከእኔ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንገቱን ያነሳል፣ ይጥላል። ካራው እጄ ላይ ነው። ማንም አያየኝም፣ ሽቦውም ከወገቤ አይበልጥም። ግን በስደት የኖረ ሰው አጥር ሲያይ ይቆማል፤ ወረቀቴ፣ ሥራዬ፣ ልጆቼ ታወሱኝ። ፈሪ ነህ በሉኝ፤ አልተሻገርኩም። የእርሻው ባለቤት እቤቱ አልነበረም መሰለኝ፣ ሽማግሌው አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ፈቃዱን ይዞ ሲመጣ ጎኑ መነሳት ካቆመ ቆይቷል።

ያም ሆኖ ሄጄ በስመ አብ ብዬ አንገቱን ቆረጥኩት። ለምን እንዳደረግሁት አውቃለሁ፤ ለባለቤቴ በስመ አብ ብያለሁ ለማለት ነው። ሽማግሌው ሥጋውን አወራርዶ አንዱን ታፋ ጠቀለለልኝ።

ባለቤቴ ጥቅሉን በሩ ላይ ተቀበለችኝ። መጀመሪያ ደስ አላት፣ ቀጥላ ፊቴን አየች።

«ስታርደው ደም ወጣው?»

«በስመ አብ ብያለሁ» አልኳት።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

መዋሸት እችል ነበር። ዓመት ሙሉ የለፋሁበት ነገር እጇ ላይ ነው፤ አንዲት አዎ ትበቃኛለች።

«አልወጣውም» አልኳት።

ጥቅሉን ሳትቆጣ መለሰችልኝና ለሽማግሌው ውሰድለት አለችኝ። ከዚያ እንዴት እንደሞተ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሩጫውን፣ አጥሩን፣ ጎኑ ከፍ ዝቅ ሲል መቆየቱን። አርፌ ብቀመጥ ኖሮ ቶሎ ያርፍ እንደነበርም ነገርኳት።

በሩ አጠገብ ጫማ የምናወልቅባት ዱካ ላይ ተቀመጠች።

«ለእኔ ብለህ ነዋ የሮጥከው» አለች።

ጥቅሉን እንደያዝኩ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።