የመድረኩ ነጭ አበባ

ሚሪያም በላንቴ ቤተ ክርስቲያን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰጠችው አገልግሎት አንድ ነው፤ እሑድ እሑድ ሰባኪው ከሚቆምበት መድረክ ፊት አበባ ታስቀምጣለች። ድምጿ ለመዘምራን አይሆንም፣ ለማስተማርም ታፍራለች። አበባው ግን የእሷ ነው፤ ሌላ ሰው እጁን ካስገባበት ትቆጣለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት ዝናቡ ቀረና ጓሮዋ ደረቀ። ቅዳሜ ከሰዓት አበባ ፍለጋ ወጥታ ባዶ እጇን ስትመለስ አስፋልቱ ዳር፣ ሣር እንኳ ባልበቀለበት ጠጠር ላይ፣ ደቃቅ ነጭ አበባ የያዘ ተክል አየች። ዝናብ የማይለምን አበባ! ጌታ ላከልኝ ብላ ዕቅፍ ሙሉ ነቅላ ወሰደች። እሑድ ምእመኑ ሁሉ "ተባረኪ" አላት። ሰኞ የጠወለገውን፣ እንደ ልማዷ፣ ማዳበሪያ ይሁነኝ ብላ ሙዟ ሥር ጣለችው።

ምን ታድርግ፣ ማን ነገራት? አበባው ቅንጨ አረም የሚሉት መሆኑን ከግብርና ባለሙያው የሰማችው ማሳዋ ከተወረረ በኋላ ነው። አንዷ ተክል በሺህ የሚቆጠር ዘር ትበትናለች አላት። ነቀለች፣ በቀለ። አቃጠለች፣ በቀለ። አረሙን የበላችው ላሟ ወተቷ መረረ። አረሙን ስትነቅል እጇ ተሰነጣጥቆ በሳሙና መታጠብ እንኳ አቃታት። ዘንድሮ ደግሞ አረሙ አጥሩን ተሻግሮ የጎረቤቷ የአጵሎስ በቆሎ ውስጥ ገባ፤ አጵሎስ አምስት ልጆቹን የሚያበላበት ሌላ መሬት የለውም።

ባለፈው እሑድ አጵሎስ ከምእመኑ መካከል ተነሥቶ ለማሳው ጸሎት ጠየቀ። ሚሪያም አንገቷን ደፋች። ከጸሎቱ በኋላ ደጅ ላይ ጠበቀችው።

"ወንድሜ፣ አረሙን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለጌታ ብዬ ነው፤ እዚሁ መድረክ ላይ አስቀምጬው ነበር።"

አጵሎስ የተሰነጣጠቀ እጇን አየ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

"ይቅር ብዬሻለሁ፣ እህቴ" አላት። "እሱስ ቀላል ነው። አረሙን ግን ምን እንበለው?"



ሰኞ ጠዋት ሁለቱም እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ እሷ ከአጥሩ ወዲህ፣ እሱ ከወዲያ፣ ሲነቅሉ ዋሉ። ቀና ስትል ከነቀሉት ያልነቀሉት ይበዛል። አስፋልቱ ዳር ደግሞ ነጭ ሆኖ አብቧል፤ ክፋቱ፣ አሁንም ለዓይኗ ደስ ይላል።