ፀረ ቫይረሱን ያጠፋሁ ዕለት

ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍብኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ከጂዳ ከተመለስኩ በኋላ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ከፍቼ እተዳደራለሁ። ጧት የሄደው መብራት ከሰዓት ሲመጣ ሰው በአንዴ ይጎርፋል። ማመልከቻ የሚያስጽፍ መምህር አለ፣ ፓስፖርቷን ኮፒ የምታስደርግ ልጅ አለች፣ ፍላሹ ላይ መንዙማ የሚያስጭን ገበሬ አለ። ሁሉም በሩ ላይ ተደርድሮ እጄን እጄን ያየኛል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ የሰርገኛ ያህል ይኩራራል።

አንድ የገበያ ቀን ትዕግስቴ አለቀ። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩበት። ፍላሽ ስሰካ ፀረ ቫይረሱ ፈትሾ እስኪለቀኝ አርባ ሰከንድ ፈጀ። አጠፋሁትና ሌላ ፍላሽ ሰካሁ፤ ወዲያው ተከፈተ። «ሌባው ተገኘ!» ብዬ ጮህኩ። ሰልፈኛው ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ፀረ ቫይረሱም እንደጠፋ ቀረ። ያን ቀን ስንት ፍላሽ እንደሰካሁ አላውቅም።

ከሰካኋቸው አንዱ የአንዲት እናት ነበር። ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ሴት ልጃቸው ሪያድ ቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት ናቸው። ልጅቱ የላከችላቸው ስልክ ከእጃቸው ወድቆ ጨርሶ ከመሞቱ በፊት የድምፅ መልእክቶቿን ወደ ፍላሽ የገለበጥኩላቸው እኔ ነኝ። ፍላሹን ራዲዮናቸው ላይ ሰክተው ያዳምጡታል። መጀመሪያ መንዙማ፣ ከዚያ ልጃቸው፣ ከዚያ እንደገና መንዙማ። ልጅቱ ከረመዳን በፊት ጀምሮ ድምጿ ጠፍቷል። ስልኳ አይነሳም። እናትየው ያላቸው ያ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ሌላ ግልባጭ የለም። በዚያ የገበያ ቀን የመጡት አዲስ መንዙማ ሊያስጨምሩ ነበር፤ ጨመርኩላቸውና መርቀውኝ ሄዱ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ።

«አንች ልጅ፣ ራዲዮኑ ዝም አለኝ።»

ፍላሹን ተቀብዬ ሰካሁት። የልጅቱ ማህደር በስሟ ቁጭ ብሏል፤ ስነካው ተከፈተ፣ ድምጾቹም አሉ። «ይኸው እማማ፣ ደህና ነው። የተበላሸው ራዲዮንዎ ነው» አልኳቸው። ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር ቀና ብዬም በደንብ አላየኋቸው። ራዲዮናቸውን በነጠላቸው አቅፈው ወደ ራዲዮ ጠጋኙ ሄዱ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተመለሱ። ጠጋኙ የራሱን ፍላሽ ሰክቶ ራዲዮኑን አዘፍኖላቸዋል።

«ራዲዮኑ ጤነኛ ነው አለኝ። ልጄን ምን አደረግሻት?»

ፍላሹን መልሼ ሰካሁት። ማህደሩን አሁን በደንብ አየሁት። ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው። ማህደር አይደለም፤ ቫይረሱ እውነተኛውን ደብቆ በቦታው ያስቀመጠው አቋራጭ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሲነኩት ይከፈትና ሰው ያታልላል፣ ራዲዮን ግን ምኑንም አያውቀውም። ፍላሹ ቫይረሱን ያገኘው ደግሞ ሌላ የትም ሳይሆን እኔው ቤት ነው፤ ጠባቂውን አጥፍቼ በሩን የከፈትኩለት እኔው ነኝ።

ፀረ ቫይረሱን መልሼ አበራሁት። ፍላሹን መፈተሽ ሲጀምር አምፖሉ ብልጭ ብልጭ አለ። መብራት ሊሄድ ሲል የሚያደርገው ነው። መጠባበቂያ ባትሪዬ ከሞተ ቆይቷል። ፋይል እየተነካ መብራት ቢቋረጥ ፍላሹ ጭራሽ ላይነበብ ይችላል። ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። በርጩማው ጫፍ ላይ ተቀምጠው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ።

ስክሪኑ ላይ የማስጠንቀቂያ መስኮት ወጣ። «አደገኛ ፋይል ተገኝቷል፤ ይጥፋ?» ይላል። ከሥሩ የፋይሉ ስም ተጽፏል፤ ስሙ የልጅቱ ስም ነው።

አቋራጩ እንደሆነ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እነካው ነበር። ያን ስም ግን ላጠፋው አልቻልኩም። «ይጥፋ» የሚለውን ትቼ የተደበቁ ፋይሎችን እንዲያሳይ አዘዝኩት። ከቀስቷ ጎን አንድ የደበዘዘ ማህደር ብቅ አለ። ወደ ሌላ ንጹሕ ፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። አምፖሉ እንደገና ጭልም አለና ተመለሰ። በር ላይ የቆመው ሰው ሊጠይቀኝ ሲል «ዝም በል!» ብዬ ጮህኩበት። ለምን እንደጮህኩበት እስካሁን አያውቅም።

ገልብጦ ጨረሰ። አዲሱን ፍላሽ ነቅዬ ራዲዮኑ ላይ ሰካሁት። ጥቂት ጭጭ አለ። ከዚያ ልጅቱ ተናገረች። እናትየው ጣታቸውን እያጠፉ አሥራ አራቱንም መልእክቶች አንድ በአንድ ቆጠሩ። የመጨረሻው በሹክሹክታ የተቀዳ ነው። «እማ፣ ደህና ነኝ። እመቤቲቱ ተኝታ ነው። አርብ እደውላለሁ፣ ኢንሻአላህ።» እኔም ጂዳ በሰው ቤት ስሠራ እንዲህ ያለ መልእክት መታጠቢያ ቤት ተደብቄ ስንቴ እንደላክሁ ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሰሚው ቦታ ሆኜ ሳዳምጠው እንዲህ የሚያም አልመሰለኝም ነበር።

መብራቱ የሄደው እሳቸው ከወጡ በኋላ ነው።

በማግስቱ ማለዳ መብራትም ሳይሄድ ደንበኛም ሳይመጣ በሩን ዘግቼ እንደገና ሰዓት ያዝኩ። አሁን ግን እንደ ሰው። ኮምፒውተሩን አስነስቼ እስኪረጋጋ ጠበቅሁት። አንድ ዓይነት ፍላሽ፣ አንድ ዓይነት ፋይል ይዤ ፀረ ቫይረሱ በርቶ ሦስት ጊዜ፣ ጠፍቶ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። የትኛው ፕሮግራም የኮምፒውተሩን አቅም ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየውን ዝርዝርም ከፍቼ ተመለከትኩ። ልዩነቱ አምስት ሰከንድ ነው። ስድስት እንኳ አልሞላም።

አርባው ታዲያ ከየት መጣ? ከእኔው። ኮምፒውተሩን በሙሉ የሚፈትሽበትን ሰዓት ሰባት ሰዓት ላይ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ምሳ ስበላ ይሥራ ብዬ። እኛ ዘንድ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ያለፈውን ፍተሻ መብራት እንደመጣ ይጀምረዋል፤ ልክ ሰው በሚጎርፍበት ሰዓት። እኔም ሰዓት የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። የቀረውን የሚያንቀራፍፈው ደግሞ ያረጀው ሃርድ ዲስክና ከፍቼ የማልዘጋቸው ገጾች ናቸው። በራሴ ላይ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ፍተሻውን መብራት ከመሄዱ በፊት ወዳለው ማለዳ አዛወርኩት፤ ያን ዕለት ፍላሽ የሰኩ ደንበኞቼንም እየፈለግሁ ጠርቼ አጸዳሁላቸው።

በሚቀጥለው ገበያ እናትየው ስኳርና ዘይታቸውን ገዝተው፣ ራዲዮናቸውን አቅፈው ጎራ አሉ። ልጅቱ አሁንም አልደወለችም። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ምንም አልደበቅሁም።

«እና ያን ጠባቂ ያጠፋሽው ምን ልታተርፊ ነው?»

«አርባ ሰከንድ መስሎኝ ነበር እማማ። አምስት ነው።»

«አምስት ምን ያህል ነው?»

ራዲዮናቸውን ተቀብዬ የመጨረሻውን መልእክት ከፈትኩ። «እማ፣ ደህና ነኝ። እመቤቲቱ...» እስክትል ድረስ አጫወትኩና አቆምኩት።

«ይህን ያህል ነው» አልኳቸው።

ራዲዮኑን ከእጄ ወሰዱና ከቆመበት እንዲቀጥል አደረጉት። ልጅቱ አርብ እንደምትደውል ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ምን አጣደፈሽ፣ ልጄ?»