የእትዬ ከድጃ ሊጥ

«እማ፣ ሊጡን ስንት ሰዓት ልተወው?»

ባለፈው ጁምዓ ልጄ ኢክራም ናት ይህን የጠየቀችኝ። አንድ እጇ ሳፋው ውስጥ ነው፤ በሌላው ስልኳን ይዛለች። ከጅዳ ስትመለስ ኤር ፍራየር የሚሉትን ዕቃ ይዛ መጥታለች፤ በትኩስ ነፋስ ብቻ የሚያበስል ጥቁር ድስት ነገር ነው። ዶናት ልትሠራበት ነው፣ ዘይት ውስጥ የማይገባ ዶናት። ስልኳ ላይ የምታስተምረው ሴትዮ ሊጡን ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት ትላለች፤ የከሚሴን ግንቦት አታውቅም። እዚህ ሞቅ ያላለ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው።

ይህን ጥያቄ በዕድሜዬ ስጠየቅ ሁለተኛዬ ነበር። መጀመሪያ የተጠየቅሁት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ያኔ ዋሸሁ። ደግሞ አጋጣሚውን እዩልኝ፤ ኢክራም ዶናቱን የምትሠራው ያኔ ለጠየቀችኝ ለዚያችው ሴት ነበር። እትዬ ከድጃ ከዐስር ሰላት በኋላ እመጣለሁ ብላ ልካብኛለች። የምትመጣበትን አውቄዋለሁ፤ አፉ በይኝ ልትለኝ ነው። ይቅር በይኝ ማለት ነው በእኛ አገር፤ የሰው ሐቅ ይዞ መሞት የሚያስፈራው ሰው የሚለው።

ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። በሆዴ ግን ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አንቺ ሆና ቀርታለች፤ እዚህም እንደ ሆዴ ልጻፋት።

እናቴ ሐሊማ በቦምቦሊኖዋ የታወቀች ነበረች። አባቴ ሲሞት እኔንና ሁለት ወንድሞቼን ያሳደገችን በእሱ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ የሚመላለሱት አውቶቡሶች ለቁርስ የሚቆሙበት የጋሽ ሙሄ ሻይ ቤት ነበር፤ በሩ ላይ መጥበሻዋን ጥዳ ትቀመጣለች። ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሰላት በኋላ ታቦካለች። ሳፋውን ከውኃው እንስራ አጠገብ ቀዝቃዛው ምድር ላይ ታስቀምጠዋለች። የመጀመሪያው አውቶቡስ ጥሩንባውን እስኪነፋ ሊጡ ኩፍ ብሎ ይጠብቃታል። ቦምቦሊኖው ከውጭ ቀላ ያለ፣ ከውስጥ ባዘቶ ነው። ሾፌሮቹ ገና መሪያቸውን ሳይለቁ በመስኮት ስሟን ይጠሩ ነበር። እኔ ትምህርት ከሌለኝ ብርጭቆ አጥብላታለሁ።

ጋሽ ሙሄ ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ቆይቶ ከደሴ ሌላ ሚስት አመጣ። ከድጃን። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ቀይ፣ ወገበ ቀጭን፣ ስትናገር ከሚሴ ውስጥ ያለነው ሁሉ ትናንት ከገጠር የገባን የሚመስላት። በመጣች በሦስተኛው ወር አንድ ጠዋት፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ቁርስ ላይ እያለ፣ የእናቴን ቦምቦሊኖ ለሁለት ገመሰችና ከውስጡ ረጅም ፀጉር መዘዘች። ከፍ አድርጋ ለሰው ሁሉ አሳየች።

«ስትበሉ የከረማችሁት ይኼን ነው» አለች።

ተሳፋሪው እጁ ላይ ያለውን አስቀመጠ። አንዱማ መሬት ላይ ተፋ።

ፀጉሩን አየሁት። ሂና የነካው፣ ቀይ ነበር። እናቴ አባቴ ከሞተ ወዲህ ሂና ነክታ አታውቅም፤ የእኔ ፀጉር ደግሞ ከሰል ነው። ሂና የተቀባችውን ሴት ለማወቅ ከከድጃ ሻሽ ሥር ያመለጠውን ማየት ይበቃ ነበር። እናቴም አይታዋለች። እሳቱን አጠፋች። ግን ትኩስ ዘይት ተሸክሞ መንገድ አይኬድም፤ ስለዚህ እስኪበርድ ድረስ እዚያው ሰው ፊት ቆማ ጠበቀች። ሰው እያያት፣ እጇን አጣምራ። ከሁሉም የማልረሳው ያንን መቆሟን ነው።

በሳምንቱ ከድጃ የራሷን ጠባሽ ቀጥራ በሩ ላይ አስቀመጠች። እናቴ ጨፋ ሸለቆ እየወረደች የሰው እርሻ ላይ የቀን ሥራ ጀመረች። እጇ ላይ የነበረው የእርሾ ሽታ ጠፍቶ አፈር አፈር አለ። እሷ አላህ ያያል ብላ ዝም አለች፤ እኔ ግን አላህ እስኪያይ የምጠብቅ ልጅ አልነበርኩም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ እኔ ቂሜን ይዤ አምስቱንም ወቅት እሰግድ ነበር።

ግንቦት ገባ። ወፍጮ ቤት ማሽላ ይዤ ተራ ስጠብቅ ከድጃ መጣች። የደሴ ዘመዶቿ በማግስቱ ረፋድ ላይ ትዳሯን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ሸህ የሆኑት አጎቷም አብረው አሉ። የቤቴን ቦምቦሊኖ ትቀምሳላችሁ ብላ አስቀድማ ልካባቸው ኖሯል። ጠባሿ ደግሞ በዚያው ሳምንት ወልዳ ተኝታለች። ከድጃ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ እናትሽ ሊጡን ስንት ሰዓት ነው የምትተወው?»

እውነቱ አንድ ሰዓት ነው። በግንቦት እንዲያውም ከዚያ ያንሳል።

«ከመግሪብ እስከ ሱብሒ» አልኳት። «በብርድ ልብስ ጠቅልላ።»

ፊቷ ፈካ። «እኛም ደሴ እንደዚያው ነው» አለች።

ደሴ ብርድ ነው፤ ሊጥ ካልተሸፈነና ካላደረ አይነሳም። ግማሹን ስሕተት ራሷ ከአገሯ ይዛው መጥታ ነበር፤ እኔ ዝም ብቻ ነው ያልኩት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ብርድ ልብሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሰርግ እንደተጠራ ሰው ፀጉሬን ተጎንጉኜ ሊጡን ላይ ጋሽ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ሊጡ መክደኛውን ገፍቶ፣ ከብርድ ልብሱ አምልጦ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ከድጃ ተንበርክካ በሁለት እጇ ወደ ሳፋው ትመልሰዋለች፤ እሱ በሌላ በኩል ይወርዳል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ያላሰብኩት ሽታውን ነው። በዚያ ሙቀት ሌሊቱን ሙሉ የተብላላ ሊጥ ቁርጥ ጠላ ጠላ ይላል። እንግዶቹ ደረሱ። ሸሁ ደፉ ላይ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ አሉና ሳያወልቁ ቀና አሉ። የኩታቸውን ጫፍ አፍንጫቸው ላይ አደረጉ።

«ሙሄ፣ እዚህ ቤት ጠላ ይጠመቃል እንዴ?»

ኋላቸው ያሉት ዘመዶች ተያዩ። ጋሽ ሙሄ ሚስቱን አየ፤ እንደማያውቃት ሰው ነው ያያት። ሊጥ ነው ብትል፣ ብትምል ብትገዘት የሚሰማት አጣች። ቁርስ ላይ የነበረው የሻይ ቤት ደንበኛ ሁሉ ወደ ጓዳው በር አንገቱን አስግጓል። እኔ የፈለግሁት ኮምጣጣ ቦምቦሊኖ ነበር፤ ትዳር የሚያፈርስ ነገር አላሰብኩም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያኔ አላዘንኩላትም። እጇን አጣምራ ስትቆም እስካይ ድረስ ቆየሁ።

እናቴ ወደ ጨፋ ስትወርድ በዚያ በኩል ነበር የምታልፈው። ግርግሩን አይታ ገባች። ማንንም ሳታስፈቅድ ጎንበስ ብላ ከሳፋው በጣቷ ቆንጥራ በላች፤ እዚያው፣ ሸሁ ፊት።

«ሊጥ ነው፣ ሸኼ። የከሚሴን ሙቀት ማን ይንገራት? እንግዳ ናት» አለች።

ከዚያ ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ የተጎነጎነ ፀጉሬን፣ የታጠበ ፊቴን። አወቀች።

«ኢንተላ ኮ፣ ሮጠሽ ዱቄቱንና እርሾውን ከቤት አምጪ።»

እናቴ በኦሮምኛ ልጄ ብላ ስትጠራኝ ወይ በጣም ወድዳኛለች፣ ወይ ጉዴ ፈልቷል። አመጣሁ። እኔኑ አስቦካችኝ፤ ክንዴ እስኪዝል። ሸሁ ሦስተኛ ሻያቸውን ጠጥተው ሳይጨርሱ ሊጡ ተነሳ፣ ዘይቱ ፈላ። በሉ፤ ሁለተኛ ጠየቁ። ከድጃን መረቁ። እናቴ የሠራሁት እኔ ነኝ አላለችም። እኔ ጓዳ ቆሜ በንዴት ተቃጠልኩ፤ በቀሌን ከእጄ ቀምታ ለጠላቴ በሳህን አቀረበችላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገ ሄጄ አፉ በሉኝ እንድላት ነገረችኝ። ሞቼ ነው አልኳት። ፀጉሩን አነሳሁ፣ የዘይቱን መብረድ አነሳሁ፣ አለቀስኩም። እናቴ መንገዱን ሙሉ ሰማችኝ። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

በማግስቱ ማለዳ ብቻዋን ሄደች፤ ስትመለስ የድሮ ቦታዋን ይዛለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዋን ሁሉ እዚያ በር ላይ ጠበሰች። በየጠዋቱ ከድጃ በገዛ እጇ ሻይ ቀድታ ታመጣላታለች፤ እናቴ ቀስ ብላ እስከ ታችኛው ስኳር ትጠጣለች። በየዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ከድጃ የራሷንም ብርጭቆ ይዛ አጠገቧ ቁጢጥ ትልና አፉ በይኝ ትላታለች። እናቴ ደግሞ «ሻይሽ እንዳይቀዘቅዝ» ትላታለች፤ ሌላ የለም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በቀል ማለት ይህ ነው እል ነበር። የእኔ የአንድ ጠዋት ነበር፤ የእሷ ዕድሜ ልክ። አግብቼ ጨፋ ሮቢት ከገባሁ በኋላም ሴቶች ስለ ጠላቶቻቸው ሲያወሩ የእናቴን ሻይ እያወራሁ እኮራ ነበር። እናቴ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተች፤ አፉ ሳትል። እኔም ወደ እሷ ቤት፣ ወደ ከሚሴ ተመለስኩ።

«እማ፣ ሊጡን እኮ ጠየቅሁሽ» አለችኝ ኢክራም።

«አንድ ሰዓት። ከዚያ እንዳታሳልፊው» አልኳት። ሳፋውን ራሴ ምድር ላይ አወረድኩት።

ሲነሳ ዳመጠችው፤ በሻይ ብርጭቆ ክብ ክብ አድርጋ ቆረጠች፤ መሐሉን በውኃ ፕላስቲክ ክዳን በሳችው። ቅቤ ቀብታ አራት አራቱን ወደዚያ ድስት ከተተቻቸው። አልተንጫጫም፣ አልጨሰም፤ ደወል መታና ቀልተው ወጡ። በላያቸው የስኳር ዱቄት በወተት በጥብጣ አፈሰሰችባቸው፤ ሲደርቅ ነጭ መስተዋት ሆነ። ማማራቸውን አልክድም።

እትዬ ከድጃ በባጃጅ መጣች፣ ከዘራ ይዛ። ወገበ ቀጭኗ ሴት ጉልበቷ አልታጠፍ ብሎ ኢክራም ደግፋ አስቀመጠቻት። ዶናቱን ገመጠች፤ አኘከች፤ ብዙ አኘከች።

«ደረቅ ነው» አለች። ቀጥላም ለመጣችበት ተመለሰች። «ዘሃራ፣ እናትሽ ሳትለኝ ሞተች። ሐቋ አሁን አንቺ ጋ ነው። አፉ በይኝ።»

መልሴን ከሳምንት በፊት አዘጋጅቼው ነበር። ሻይዋን ገፋ አደረግሁላት።

«ሻይዎ እንዳይቀዘቅዝ።»

ትቆጣለች ስል ሳቀች። «እሷም የምትለኝ ይኼንኑ ነው። ለምን እንደሆነ ነግራሽ ታውቃለች?»

«አልነገረችኝም» አልኳት።

«ሸሁ የመጡ ማግስት ማለዳ መጥታ፣ ሊጡን ያበላሸችው ልጄ ናት፣ ስለ እሷ አፉ በይኝ አለችኝ። አልልም አልኩ፤ የዋሸችኝ ራሷ መጥታ ትበለኝ። እንግዲያው እኔም ያንቺን አልልም አለች። በየረመዳኑ እኔ ስለ ፀጉሩ እጠይቃታለሁ፣ እሷም ሰው ዞር ሲል ስለ አንቺ ትጠይቀኛለች። ሁለታችንም እንቢ ብለን ሻያችንን ጠጥተን እንነሳለን።»

ኢክራም ሳህኑን ይዛ በር ላይ ቆማለች። እኔ ደግሞ በሐሳቤ ያንን የሻይ ቤት በር ነበር የማየው። ያ ሁሉ ዓመት እናቴ እዚያ የተቀመጠችው ከድጃን ልትቀጣ ነው ብዬ ስኮራ፣ እሷ የእኔን መምጣት ስትጠብቅ ኖራለች። ጨፋ ሮቢት ሩቅ አይደለም። በየሳምንቱ በሚኒባስ እመጣ ነበር፤ ከእናቴ ቦምቦሊኖ እየበላሁ፣ ከድጃን በዓይኔ እየገላመጥኩ እመለስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ቃል ተናግሬ ቢሆን እናቴ ያን ሻይ በሰላም ትጠጣው ነበር። ከድጃን ልጠላት ፈለግሁ፤ እንደ ድሮው አልመጣልኝ አለ። የተናደድኩት በራሴ ነበር።

ልትሄድ ተነሳች። ባጃጁ ድረስ ሸኘኋት። እግሯን አንስታ ስታስገባ ክንዷን እንደያዝኩ ከአፌ ወጣ።

«አፉ በሉኝ።»

ተመቻችታ ተቀመጠች። ከዘራዋን በጭኗ መሐል አቆመች።

«ሰማሁሽ» አለች። «መልሱን ጁምዓ ይዤ እመጣለሁ። አንቺም የእናትሽን አዘጋጂ። ዶናቱን ግን በዘይት ጥበሽው፣ እንደ ሰው።»

ባጃጁ እስኪታጠፍ መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ሰው ያየኝ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኛ ሁለታችንም ወጊም ተወጊም ስለሆንን የሚረሳ ከመካከላችን አልተገኘም። ከማለዳ ጀምሮ ኢክራምን ሁለት ጊዜ ልኬ እትዬ ከድጃ እንዴት እንዳደረች አስጠይቄያለሁ። ሳትመልስልኝ እንዳትሞትብኝ ፈርቼ ነው። በእናቴ ሐቅ አፉ እላታለሁ፤ ቃሉን ለብቻዬ ስለው አፌ ላይ አልከበደኝም። ዱቄቱን ነፍቻለሁ፣ እርሾው አለ፣ ሳፋው የሚቀመጥበትን ምድር ውኃ ረጭቼበታለሁ። ዘይት ግን አልገዛሁም። በነፋሱ ድስት ነው የምጋግርላት።