ከመስታወቱ ወዲያ ምን አላት?

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ቀበሌው ጎልማሶችን ላስተምር ብሎ ደብተር ሲያድል የኔን እሳት ማያያዣ አድርጌዋለሁ። ስድብም ጨምሬበታለሁ። ወደ ፊደል የገፋኝ ፊልም ነው፤ ከባሕር በታች የሚኖር፣ ዓሣ ነባሪ በአንድ እጁ የሚገፋ ጀግና ያለበት የፍልሚያ ፊልም። ይኼን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ከሳቂዎቹ ብዙዎቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሰው ለሚስታቸው አንድ መስመር ጽፈው አያውቁም።

አርብ ገበያ ላይ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ስፈጭ ኖሬአለሁ። ወፍጮው የአሠሪዬ ነው፤ ዱቄቱ ግን በኔ ሳንባ ውስጥ ነው። ሚስቴ ከኔ ጋር ትሠራለች፤ እህል ትቀበላለች፣ ከረጢት ታስራለች። ወፍጮ ሲነሳ ሰው የራሱንም ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህ ወፍጮ ቤት የሚውል ሁሉ የሚነጋገረው በእጁ ነው። መዳፍ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ከተነሳ «ጨምር» ነው። መዳፍ ወደፊት ከተዘረጋ «ቆይ»። ሁለት ጡጫ ከተጋጠመ «እሰር»፤ አንዱ እጅ በሌላው ላይ ከተኛ «ሞላ»፤ ጣት ከተራገፈ «ድንጋዩ ጋለ»። ከዚህ የሚያልፍ ነገር የለንም። ለእህል ከዚህ በላይ አያስፈልግም።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት ማጅራት ገትር ያዛት። እሷ ተረፈች፣ ጆሮዋ አልተረፈም። አፏ ግን እንደነበረ ነው። እንዲያውም የራሷን ድምፅ ስለማትሰማው ለኔ የምትለውን ገበያው ሁሉ ይሰማው ነበር። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። እኔ ጆሮ አለኝ፣ ፊደል የለኝም፤ እሷ ፊደል አላት፣ ጆሮ የላትም። ከንፈር እያየች አጫጭር ቃል ትለይ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከንፈሬን የሸፈነውን ጢሜን አልቆርጥም አልኩ። በመካከላችን የቀረው የወፍጮ እጅ ብቻ ሆነ። ቤታችንን በሱ አስተዳደርነው፤ አሥራ አንድ ዓመት «ጨምር»፣ «ቆይ»፣ «ሞላ» እየተባባልን።

እዚህ ላይ እውነቱን ልጻፍ። ከበሽታዋ በተነሳች በመጀመሪያው ወር፣ በወፍጮው ሳጥን ክዳን ላይ የተኛውን ዱቄት አስተካክላ በጣቷ ስሜን ጻፈችበት። «ይኼ አንተ ነህ» አለችኝ። «ልመድ፤ ታወራኛለህ።» በመዳፌ ጠረግኩት። አስፈጪዎች ቆመው ያዩ ነበር፤ ከሚስቱ የሚማር ወንድ መባልን ፈራሁ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ነገሩ ተመቸኝ። ስፈጠር ነገረ አጭር፣ ቁጡ ሰው ነኝ። መልስ የማይጠበቅበት ባል መሆን ለእንደኔ ያለው ዕረፍት ነው። ሰው «ምስኪን፣ ተሸክሟት ይኖራል» ሲል ዝም ብዬ እሰማ ነበር። ማን ማንን እንደተሸከመ እኔ አውቃለሁ።

ከወፍጮ ቤቱ ጎን ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት፣ መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ የተሸፈነ፣ ውስጡ ሻካራ አግዳሚ የተደረደረበት። አርብ አርብ ገበያተኛው ሲሞላ ትርጉም ፊልም ያሳያል፤ ፈረንጆቹ ሲያወሩ ተርጓሚው ከላይ በአማርኛ የሚለፈልፍበትን። ሴት አትገባም። ክልክል ተብሎ አልተጻፈም፤ ግን አትገባም።

አንድ አርብ መስከረም ላይ ሞተሩንና ድንጋዩን የሚያያይዘው ቺንጋ ተበጠሰ። አሠሪዬ ሌላ እስኪያመጣ ሥራ ፈትተን ደጃፍ ተቀመጥን። ጥቂት ቆይቼ ዘወር ስል ሚስቴ የለችም። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ መጋረጃውን በአንድ እጇ ገልጣ ቆማለች። ፊቷ ላይ ያለው ዱቄት ሰማያዊ ሆኗል፤ ከውስጥ የሚወጣው ብርሃን ነው። በእጄ ጠራኋት። ዓይኗን ሳትነቅል መዳፏን ወደኔ ዘረጋች። «ቆይ።»

ሄጄ ከኋላዋ ቆምኩ። እኔ የማውቀው ውሃ የበሽሎ ወንዝ ነው፤ ሲሞላ ቀይ ሆኖ በሬ ከነቀንበሩ የሚወስድ። ይኼኛው ሰማይን ገልብጠው ያስቀመጡት ይመስላል። በመሐሉ አንድ ጎልማሳ ይሄዳል፤ ልብሱ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል፣ ፀጉሩ ነፋስ እንደገባበት የጤፍ ማሳ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከሱ ጋር ያሉት የባሕር ሰዎች በአፋቸው አይነጋገሩም። ውሃው ድምፅ ይውጣል፤ በእጃቸው ነው የሚግባቡት። እጅ ወደ ላይ፣ እጅ ወደፊት። ሚስቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችና ጮኸች፦

«እንደኛ!»

ውስጥ ያሉት ወጣቶች ሁሉ ዞሩ።

«ጋሼ፣ መጋረጃውን ይልቀቁት፣ ብርሃን ገባ!»

«ወይ ይግቡ ወይ ይውጡ እንጂ!»

ከፊት የተቀመጠ አንዱ «ለደንቆሮ ፊልም ምን ያደርግላታል?» አለ።

«አንተስ ሁለት ጆሮ ይዘህ ምን ሰማህ?» አልኩት። እጇን ይዤ ገባሁ፤ አግዳሚው ላይ ሁለት ወጣቶችን ገፋ ገፋ አድርጌ አስቀመጥኳት። ከረጢት ሲሸከም የኖረ ትከሻ ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

ያን ሳምንት ወፍጮ ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። እህል እየተቀበለች ለአስፈጪው ሁሉ ትተርካለች። መጥረጊያውን እንደ ጦር ይዛ «ያን ጥርሳም ዓሣ በአፉ ገብቶ በጭራው ወጣ!» ትላለች። «እቴ፣ እሳት በሌለበት ምን ቀቅለው ይበላሉ?» ትላለች፤ መልሱን ስለማትሰማው አትጠብቅም፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። የደብሩ የቅኔ መምህር፣ እኛ የኔታ የምንላቸው ሽማግሌ፣ እህል ሊያስፈጩ ሲመጡ እሳቸውንም ያዘቻቸው።

«የኔታ፣ የባሕር ሰዎች በጾም ምን ይበላሉ? ዓሣው እንደሆነ ጎረቤታቸው ነው!»

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየሁም ነበር። ያን ፊልም ማንም ይሥራው፣ እግዜር ይስጠው።

በሚቀጥለው አርብ አሠሪዬን «ድንጋዩ ጋለ፣ ይብረድ» ብዬ ዋሸሁትና ከመጀመሪያው ገብተን ተቀመጥን። መጨረሻው አካባቢ የየብስ ሰው የሆነችው የጀግናው ሚስት የተሳፈረችበት መርከብ ይሰጥማል። እሷ ከባሕሩ ወለል ላይ በብረት ክፍል ውስጥ ተዘግታ ቀርታለች፤ ክፍሉ አንዲት ክብ መስታወት አለው። እሱ ከውጭ ከውሃው ውስጥ ይደርስባታል። መዳፉን መስታወቱ ላይ ያስቀምጣል፤ እሷ ከውስጥ መዳፏን ትገጥምለታለች። ከዚያ እንደ የብስ ሰው በአፉ ይናገራል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ አረፋ ይወጣዋል፤ ረጅም ነው የሚናገረው። እሷ አትሰማውም።

ሚስቴ ክንዴን ቆነጠጠችና በዚያ ለራሷ በማይሰማት ድምፅ «ምን አላት?» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በሳቁ መሐል ተርጓሚው ያለው አመለጠኝ። መዳፌን ዘረጋሁላት። «ቆይ።»

በሦስተኛው አርብ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። መዳፍና መዳፍ ተገናኘ፣ አፉ ተከፈተ። ተርጓሚው እንዲህ አለ፦ «እዚህ ጋ ዝም ብለው ያወራሉ ቤተሰብ፤ እኛ ወደ ፍልሚያው እንለፍ።»

በቃ። ይኼው ነው።

«ምን አላት?» አለች።

እስቲ ይኼን በወፍጮ እጅ ንገሯት። «ጨምር»፣ «ቆይ»፣ «እሰር»፣ «ሞላ»፣ «ጋለ»። ሰነፍ ተርጓሚ ዘለለው የሚባለው ከነዚህ በየትኛው ነው? ራሴን ነቀነቅኩ። ምንም አላለም ለማለት ነው። ፊቷ ጠቆረ። ምንም ያላየች ሴት አይደለችም፤ የሰውዬው አፍ ሲንቀሳቀስ አይታለች።

ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ቆመች። «አይቼዋለሁ። እስኪደክመው ነው የተናገረው። አንተ ሰምተኸዋል፤ ለኔ ሲሆን ትሰስታለህ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምናልባት ለራሷ ብቻ መስሏት፣ «በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ነው የጠየቅኩህ» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አፏን ዘጋች። ቂመኛ ሴት አይደለችም፤ ደክሟት ነው። ምግብ ታቀርባለች፣ ከረጢት ታስራለች። በእጇ «ጨምር» ትለኛለች፣ በእጇ «ሞላ» ትለኛለች። የሰጠኋትን ነው የመለሰችልኝ። ማታ በሩን ስንዘጋ ከወፍጮው ተርፎ ጆሮዬ ውስጥ ከሚጮኸው ሌላ የሚሰማ የለም። ያኔ ገባኝ፦ በዚያ ቤት ይናገር የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እኔም የኖርኩት በዚያ ሰው ድምፅ ነው።

የኔታ እንደገና እህል ይዘው ሲመጡ ወደ ጥግ ወሰድኳቸው።

«የኔታ፣ ፊደል ያስቆጥሩልኝ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጅ በዓመት ይለያል። አህያ በጭራሽ አይለይም። አንተ ከሁለቱ መሐል ነህ፤ እንሞክር። ዳዊት ልትደግም ነው?»

«አይደለም። ስለ አንድ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ልጽፍ ነው።»

«ዮናስን?»

«አይ የኔታ፣ የቪዲዮ ቤቱን።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩና «ለዚያች ለሳቂዋ ነው?» አሉኝ።

«ሳቋን ትታለች።»

«እንግዲያማ ቶሎ እንጀምር።»

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ጥድ ሥር ተቀመጥን፤ ከጥቅምት እስከ ፋሲካ። እጄ የከረጢት እጅ ነው፣ እርሳስ ይሰበርበታል። የኔታ ደግሞ አይራሩም፤ መስመሬ ሲንጋደድ «እህል አይደለም፣ አትድፋው!» ይሉኛል። ፊደሎቹ ተመሳስለው ሲያናድዱኝ ደብተሩን ጥዬ የተነሳሁበት ቀን አለ፤ ተመልሼ ያነሳሁትም እኔው ነኝ። ሚስቴ እሑድ ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀችም። ጠላ ቤት መስሏት እንደሆነ ከፊቷ አውቃለሁ።

በመካከሉ ፊልሙን ብቻዬን ሄጄ አይቼዋለሁ። ወጣቱ ደጋግሞ ስለሚጠይቀው ባለ ቪዲዮው በየጊዜው መልሶ ያሳየው ነበር። አልዋሽም፤ ለሷ ብዬ ጀመርኩ እንጂ በኋላ እኔም ወደድኩት። ጡጫውን አይደለም። ጡጫ ገበያ ውስጥም አለ። የወደድኩት ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ሰው፣ ዓሣ ነባሪ የሚገፋ፣ ማዕበል የሚያዝ ሰው፣ አንድ ጣት ውፍረት ያላት መስታወት ፊት ሲቆም ነው። ያን ጊዜ ልክ እንደኔ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ተነስቼ እወጣ ነበር፤ የተርጓሚውን ድምፅ መስማት አልፈልግም።

ከፋሲካ በኋላ በነበረ አርብ ድንጋዩ የምሩን ጋለ። ሞተሩን አጠፋሁት። አስፈጪዎች ከረጢታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሚስቴ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ ራስዋ ላይ ያለውን ዱቄት ታራግፋለች። ሄጄ በሳጥኑ ክዳን ላይ የተኛውን ዱቄት በመዳፌ አስተካከልኩት። በጣቴ ጻፍኩ፦

«ተርጓሚው ዘለለው። አልዋሸሁሽም።»

መጀመሪያ ጽሑፉን አላየችም፤ ጣቴን ነው ያየችው። ከዚያ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ አነበበች። ሁለት ጊዜ አነበበች። ለስንት ወር ያልሠራ ጉሮሮ ነበርና ድምፅዋ ሻክሮ ወጣ።

«መቼ ለመድክ?»

«እሑድ» ብዬ ጻፍኩ።

«ጠላ ቤት መስሎኝ!» አለች። ገበያው ሁሉ ሰማ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፤ ዓይኗን ከክዳኑ አልነቀለችም። በመጨረሻ «እና አንተ ምን ያላት ይመስልሃል?» አለችኝ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። የኔታ ፊደል እንጂ ይኼን አላስተማሩኝም። የጻፍኩትን ጠርጌ ከ«ድ» ጀመርኩ።

«ድምፅሽ ናፈቀኝ አላት።»

ጮክ ብላ አነበበችው። ያነበበችውን ስትወድ እንዲህ ናት፤ ሰው ይኑር አይኑር አታይም። ከረጢታቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት «ማን ነው የናፈቀው? የማን ድምፅ?» ብለው አንገታቸውን አሰገጉ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። መዳፌ ወደ ክዳኑ ተነሳ፤ እንደዚያ ጊዜው ልጠርገው። መንገድ ላይ አስቆምኩትና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ሚስቴ ወደ ጽሑፉ ጎንበስ አለች። ዓይኗ ረጥቧል፤ ዱቄቱ ከጉንጯ ላይ ሊጥ ሆኗል። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይኼን ብቻ? አይደለም። የዚያ ሰውዬ አፍ ስንት ጊዜ ነው የተንቀሳቀሰው!» አለችና መዳፏን ሁለት ጊዜ ወደ ላይ አነሳች።

«ጨምር።»

ክዳኑ ላይ ቦታ አልቀረም። ከወለሉ ጥራጊ አንድ እፍኝ ዱቄት ዘግኜ በተንኩበት፣ በክንዴ አስተካከልኩት። ድንጋዩ በርዷል፤ አሮጊቷ «ወፍጮው አይነሳም እንዴ? ሊመሽብን ነው!» እያሉ ነው፤ ሌሎቹም መጮህ ጀምረዋል። ወደኋላ ሳልዞር መዳፌን ወደነሱ ዘረጋሁና በሌላው እጄ መጻፍ ቀጠልኩ።