እስስቴ የተጠማበት ሳምንት

ትናንት ጠዋት አንዲት አሮጊት መነኩሲት እግር ስር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኩ... በእስስት ምክንያት። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ከሁለት ወር በፊት ወደ ነአኩቶ ለአብ ቤተክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ላይ ልጆች አንድ እስስት በድንጋይ ሲወግሩ ደረስኩ። ተጣልቼ ቀማኋቸው። ከሰው ለመጣላት ብዙ ምክንያት አልፈልግም፣ ትምህርቱንም ያቋረጥኩት በዚሁ ጠባዬ ነው። ቤት ይዤው መጣሁና ስሙን ጋሼ አልኩት፣ አረማመዱ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ስለሚመስል።

ቤት ሰራሁለት። ከቀጫጭን የባህር ዛፍ እንጨት ሳጥን አቆምኩ፣ ዙሪያውን አሮጌ አጎበር ወጠርኩበት፣ ውስጡ የወይራ ቅርንጫፍ ተከልኩ። የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኘው በራችን አጠገብ አስቀመጥኩት። ፌንጣ እያደንኩ አበላዋለሁ። ውሃ ደግሞ በሰርዲን ጣሳ... በየቀኑ እቀይርለታለሁ። አያያዙን የተማርኩት ከስልክ ቪዲዮ ነው፣ ስለ ውሃ የሚያወራው ጋ ሳልደርስ ፓኬጄ አለቀ።

እማሆይ ግቢያችን ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። ሁልጊዜ ጠዋት ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ጠበል በጠርሙስ ይዘው ይመጡና የግቢውን በር ይረጫሉ፣ የኛን በር ይረጫሉ፣ ከዚያ ጋሼን ረጨት አድርገው ያልፋሉ።

እኔን ደግሞ ሰፈሩ «እስስት ቤት አይገባም፣ ሰይጣን ነው» እያለ ሲያሽሟጥጠኝ ከርሟል። ስለዚህ የእማሆይም ነገር ገባኝ... ሰይጣን እያስወጡለት ነው። ባለፈው ሳምንት ፈነዳሁ።

«እማሆይ፣ ሰይጣን ከፈለጉ ሌላ ቦታ ይፈልጉ። የኔ እስስት አልተለከፈም።»

ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እማሆይ ጠርሙሱን ከደኑና «እሺ ልጄ» ብለው ገቡ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ይረጫሉ፣ ጋሼን ይዘሉታል።

በአምስተኛው ቀን ጋሼ ጠቆረ። አይኖቹ ወደ ውስጥ ሰረጎዱ። ፌንጣ አፍንጫው ስር ብታልፍ ዞር ብሎ አያያትም። ጣሳው እንደሆነ ሙሉ ነው... ሰው መርዞብኛል ብዬ ግቢውን በጩኸት አናወጥኩት። ጎረቤት አንድ ባንድ በሩን ዘጋ።

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና እንኳ ሳትል...

«ከጣሳው ሲጠጣ አይተኸው ታውቃለህ?»

አሰብኩ። አንድ ቀን አላየሁትም።

«እማሆይ ሲረጩለት ነበር የሚጠጣ። ቅጠሉ ላይ የቀረችውን ጠብታ ይልሳታል። እኔ በየጠዋቱ አየው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንተን ማን ደፍሮ ይነግርሃል?»

ይቺ ከጥፊ በላይ አመመችኝ።

ውሃ በእጄ ዘግኜ ወይራው ላይ ረጨሁ። መጀመሪያ ዝም አለ... አለቀለት ብዬ ነበር። ከዚያ አንዲት ጠብታ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ስትንቀጠቀጥ አይኑ ዞረ፣ አፉን ከፈተ። ጠጣ። ደግሞ ጠጣ። እኔ በየቀኑ ጣሳ እያጠብኩ፣ አምስት ቀን ሙሉ በውሃ ጥም ስገድለው ከርሜያለሁ።

ቀጥ ብዬ እማሆይ በር ሄድኩና ተንበረከኩ። ጉልበታቸውን ልስም ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«ቆይ እስቲ... ያ ፍጥረት እንዴት ሆነ?»

«ጠጣ።»

«ተመስገን። ጠቁሮ ሳየው አንጀቴን በላው። ልረጭለት ብዬ፣ ደግሞ ትቆጣለህ ብዬ ተውኩት።»

«እማሆይ... ሰይጣን አለበት ብለው አልነበረም እንዴ የሚረጩት?»

ትክ ብለው አዩኝ። «የምን ሰይጣን ነው ልጄ? ግቢውን ሁሉ ረጭቼ እሱን ልዝለለው? እሱስ እዚሁ አይደል የሚኖር?»

«ይቅር ይበሉኝ እማሆይ፣ ነገም ይርጩለት» አልኩና ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ዛሬ ጠዋት መጥተው ረጩለት። ጋሼ ወደ አረንጓዴው እየተመለሰ ነው። እኔ ግን እሳቸው ብቅ ባሉ ቁጥር አይኔን የት እንደማሳርፍ ጨንቆኛል... ጋሼ ታድሎ፣ አንዱን ወደ ላይ አንዱን ወደ ታች አድርጎ ይገላገላል።