ስለ አንዲት ማርክ ሰመራ ድረስ

አንዲት የእንግሊዝኛ ማርክ ሁለት ቀን የተዘጋ ሱቅ፣ የሰመራ ደርሶ መልስ፣ አንድ ሙክት ፍየልና ፍየል ተራ ላይ የነበረኝን ትንሽ ክብር አስወጣችኝ። አዋሽ ላይ ሸራና ጀሪካን የምሸጥ ሰው ነኝ። ዕቃ ከዋጋው በላይ ገዝቼ አላውቅም እያልኩ ስፎክር ኖሬያለሁ። ይህችን ግን ገዛሁ።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። አንድ ዓርብ ፈተናዋን ይዛ መጣች፤ ከአሥር ዘጠኝ። አዋሽ ላይ በቀትር ለማረፍ የት እንደሚሻል በእንግሊዝኛ ጻፉ ተብለው፣ እሷ “ከመኪናው ሥር ከሁሉ ይሻላል” ብላ ጽፋለች። መምህሩ “አንደር ዘ ትራክ” ያለችውን በቀይ ከቦ “ባለቤት የለውም” ብሎበታል።

“ታርጋውን አይቶ አይጠይቅም?” አልኩ።

“አባ! የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ነው የሚለው። ባለቤት የሚሆነው ስም ነው፤ ‘ጥላው’፣ ‘ቤቱ’ እንደማለት። ‘ከዚህ ሥር’፣ ‘ከዚያ በኋላ’ የሚል ሐረግ አይሆንም ብሎናል። እኔ ግን ይሆናል ባይ ነኝ። ሰኞ እጠይቀዋለሁ።”

እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ የቀረውን ገበያ አስተምሮኛል። ቢሆንም ደንበኛ “ዕቃውን መቼ ላንሳ?” ሲለኝ “ከዙህር ሶላት በኋላ ይሻላል” እለዋለሁ። የሚሻለው ምንድን ነው? “ከዙህር በኋላ” ነዋ! ስም አይደለም፣ ሥራውን ግን ይሠራል። አማርኛ ላይ እንዲህ የሚሠራ ነገር እንግሊዝኛ ላይ ምን ያሰንፈዋል?

የድሮ ጎረቤታችን ሰመራ ላይ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ተሳፈርኩ። ልጄ “ተወው፣ እኔው እጠይቀዋለሁ” እያለች እስከ መኪናው ተከተለችኝ። ሚዛን ሲጎድልብኝ እስከ ሰኞ የምጠብቅ ሰው አይደለሁም።

አዳይቱ ላይ ለምሳ ስንወርድ አንድ የማውቃቸው አፋር ሽማግሌ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ በሰላምታ ብቻ አይሸኘውም። ቁጭ ብለው ያዩትን የሰሙትን ሁሉ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ለሚቀጥለው ታደርሳለህ። በዚህ አገር ስንት ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም አልልም።

ስለ ዝናቡ ተጠየቅሁ፤ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ፍየል ዋጋ። መለስኩ። ከዚያ “አንተስ ለምን ወጣህ?” አሉኝ።

ገበያ መሃል ያለሁ መሰለኝ። “የልጄ መምህር እንግሊዝኛ አያውቅም፣ ሐጂ። ለዚያ ነው ሰመራ ድረስ የምሄደው።”

“አያውቅም?”

“ፊደሉንም አይለይ!”

አልሳቁም። “እሺ” ብቻ አሉ።

ጎረቤቴ ወረቀቷን አይቶ ሳቀ። “ልጅህ ልክ ናት። ስለ ቦታና ስለ ጊዜ ሲወራ እንዲህ ያለው ሐረግ ባለቤት ሆኖ ይገባል። ግን አይዘወተርም፤ መምህሩ ቢስት አይፈረድበትም” ብሎ ከነምሳሌው ጻፈልኝ። እዚያው አድሬ እሑድ ከሰዓት አዋሽ ገባሁ፤ ወረቀቱን እንደ አደራ ኪሴ ውስጥ ይዤ።

ልጄ በር ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። “ቲቸር ፊደል አይለይም ብለሃል? ፍየል ተራ ሙሉ ያወራል፤ እሱም ሰምቷል። ነገ በምን ዓይኔ ክፍሉ እገባለሁ?”

እኛ ነጋዴዎች ወሬን የምንሰማው እንደ ዋጋ ነው፤ ግማሹን ቀንሰን። ዳጉ ቅናሽ የለውም። የተናገርኩት ቃል በቃል ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። አዳይቱ ደወልኩ።

“ሐጂ፣ የመምህሩን ነገር አጋንኜዋለሁ።”

“ዳጉ ላይ?”

“አዎ።”

ፍርዱን ወዲያው ሰጡ። “ፍየል ታርዳለህ። የሰሙትን ሰብስበህ አብላና ቃልህን በአፍህ አርም። ፍየሉን ከወንድሜ ልጅ ግዛ፤ እዚያው ተራው ላይ ነው።”

የወንድማቸው ልጅ ስሄድ ሙክቱን ፈትቶ ጠበቀኝ። በዋጋ አልተከራከርኩም፤ ምን አፍ አለኝ?

መምህሩንም ያንኑ ምሽት ለምኜ አመጣሁት። ከደጋ የመጣ ዝምተኛ ወጣት ነው። ክርስቲያን ስለሆነ እኛ ያረድነውን አይበላም፤ ለእሱ ሲባል የታረደውን ፍየል ሌላው ሲበላ እሱ ለስላሳ ይዞ ተቀመጠ።

ተነሣሁ። “ስለ መምህሩ ያልኩት ውሸት ነው። ፊደልም ያውቃሉ፣ እንግሊዝኛም ያውቃሉ።”

“አንተ በምን አወቅህ?” አለ ፍየል የሸጠልኝ፣ አጥንቱን ሳያስቀምጥ። “ስንተኛ ክፍል ነህ?”

“አራተኛ።”

ተራው በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም አልቻለም፤ ለስላሳው ትን አለው። ያኔ ልጄ ፈተናዋንና ከሰመራ የመጣውን ወረቀት ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

“ልክ ነሽ” አላት። ወደ እኔ ዞሮ፣ “ጋሼ፣ ነገ እሷ ብትጠይቀኝ እኮ አይቼ አስተካክልላት ነበር።”

“እንዲሁ በነፃ?”

“በነፃ ነዋ!”

እስክሪብቶውን አውጥቶ ቀዩን ሰረዘ። “ነገ ለክፍሉ የምታስረጂው አንቺ ነሽ” አላት። ቤት እስክንደርስ ከፊቴ ከፊቴ እየተራመደች በእንግሊዝኛ ለብቻዋ ስታወራ ሰማኋት፤ አንድም ቃል ባይገባኝም ደስ አለኝ።

የልጄ ውጤት ከአሥር አሥር። የእኔ ወጪ በሙሉ ኪሳራ።